ጋሽ መልከጼዴቅና የፍቅር ቀን

ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ውስጥ ቤት ልገዛ ነው የሚል ሐበሻ ሁሉ ጋሽ መልከጼዴቅ ፊት «ሞርጌጅ» የሚለውን የቤት ብድር ቃል እንዳያነሳ ይጠነቀቃል። ካነሳማ አለቀለት። «ሞር» በድሮ ፈረንሳይኛ የሞተ ማለት ነው፣ «ጌጅ» ደግሞ መያዣ ነው፣ እንግዲህ አንተ ልትፈርም የተዘጋጀኸው የሞተ መያዣ ላይ ነው ብለው ያን የመሰለ ደስታውን አመድ ያደርጉበታል። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለህ» ይሉታል። ደግሞ ከልባቸው ነው።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ አመላቸው ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሕግ መማር ጀምረው ነበር። ዘመኑ አላስጨረሳቸውም። በሱዳን አድርገው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ላስ ቬጋስ ገቡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታክሲ ነዱ። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ የኋላ ወንበር ላይ ወፍራም መጽሐፍ ረስቶ ወረደ፤ የድሮ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የሕግ ቃላት መፍቻ። ለመሥሪያ ቤታቸው አስረከቡ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ቀረ፣ መጽሐፉ ዞሮ እሳቸው እጅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። ኤርፖርት ተራ ሲጠበቅ ሌላው ሾፌር ዳማ ሲጫወት እሳቸው መሪውን ተደግፈው ያነባሉ። ሕጉን ባይጨርሱም የሕጉን ቅድመ አያቶች አንድ በአንድ ተዋወቁ።

ባለቤታቸው እትዬ ላቀች «የሞተ ሰው ቋንቋ ከምትቆፍር ያን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብትጠግነው ምናለ» ይሏቸው ነበር። ቤት ውስጥ የሚያዳምጣቸው ዳጊ ብቻ ነው። ዳጊ የኋላውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ አንድ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ የሚያደርግ ልጅ ነው። ልጅ ይባል እንጂ ሠላሳን አልፏል። ዓይን አፋር ነው፤ ለቲፕ እንኳ «ይቅርታ» ብሎ ነው እጁን የሚዘረጋው ብለው ጓደኞቹ ይቀልዱበታል።

«ሜይንፕራይዝ ማለት በእጅ መያዝ ማለት ነው» አሉት ጋሽ መልከጼዴቅ አንድ ምሽት እራት ላይ። «ድሮ እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ተከሶ ወህኒ እንዳይገባ ወዳጁ ዳኛ ፊት ይቆምለታል። እጁን ይይዛል። በቀጠሮው ቀን ይዤው እመጣለሁ ይላል። በቃ፣ ሰውየው ነፃ ነው።»

«እንደኛ የሰው ዋስ?» አለ ዳጊ።

«እንደኛ የሰው ዋስ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። እትዬ ላቀች ወጥ ጨመሩላቸውና ነገሩ በዚያው ተረሳ።

የተረሳውን ያስታወሰው አደጋው ነው። ዳጊ አንድ ቅዳሜ ሺፍት ከመግባቱ በፊት ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ካለ የገበያ ማዕከል ዕቃ ሊገዛ ሄዶ፣ መኪናውን ወደኋላ ሲያወጣ አንዲት አሮጊት ገጨ። ሴትየዋ ወደቁ። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ የመኪናውን መስኮት በቡጢ ደበደበ፣ ዳጊ በድንጋጤ ነድቶ ሄደ። እንዴት ቤት እንደደረሰ አያውቅም። ጋሽ መልከጼዴቅ ሲወጡ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

አልተቆጡትም። ሁሉንም ሰሙና እጁን ያዙት። «ና» አሉት። በራሳቸው መኪና ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ። እዚያ እስኪደርሱ እጁን አልለቀቁም፤ ባንድ እጃቸው ነበር የነዱት።

አሮጊቷ፣ ሚስስ ዊትኮም ይባላሉ፣ እግራቸው ተሰብሯል፤ ሕይወታቸው ግን ተርፏል። ዳጊ ሰው ገጭቶ በመሄዱ ተከሰሰ። ራሱ መጥቶ እጁን ስለሰጠ ዳኛዋ ክሱን ውጭ ሆኖ እንዲከታተል ፈቀዱለት፤ ትእዛዝ ግን አለው። የዳጊ ጠበቃ ሩሐማ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና በዚያችው በምታውቃት አማርኛ ነገረችው። «ዳጊ፣ እሷ ጋ መሄድ የለም። ስልክ የለም። ሰው መላክ የለም። ኦኬ?»

ዳጊ ኦኬ አለ። ጋሽ መልከጼዴቅ ያን ጊዜ አብረው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ ባልኖረ። እሳቸው ግን መኪናቸውን የትኛው ፎቅ ላይ እንዳቆሙ ረስተው የፍርድ ቤቱን ፓርኪንግ ይዞሩ ነበር። በኋላ «ምን ተባልክ?» ሲሉት ዳጊ በአጭሩ «እሳቸው ጋ እንዳልሄድ» ብሎ መለሰ።

«ትክክል» አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ። በዳይ በራሱ እግር ተበዳይ ቤት አይሄድም፤ ሽማግሌ ነው የሚሄድለት። ፈረንጆቹ ይህን ማወቃቸው አስገረማቸው እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠሩም። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚሰማው የለመደውን ነው።

መጽሐፉ ደግሞ አባሰው። በዚያው ሰሞን ሲያገላብጡ «ላቭዴይ» የሚል ቃል ላይ ደረሱ። የፍቅር ቀን። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ የተጣሉ ጎረቤቶች ከዳኛ ፊት ወጥተው በሽማግሌ የሚታረቁበት ቀን። ከሥሩ ሁለተኛ ፍች አለው፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ያለ ክፍያ ሥራ የሚያግዝበት ቀን።

«ላቀች» ብለው ተጣሩ። «እነዚህ ሰዎች ሽምግልና ነበራቸው። ደቦም ነበራቸው። ሁለቱንም ባንድ ቃል ነው የሚጠሩት። የፍቅር ቀን ይሉታል።»

«ያ አበባ የሚሰጣጡበት?»

«አይደለም እባክሽ። የዕርቅ ቀን ነው።»

እትዬ ላቀችንም ነገሩ ሲከነክናቸው ከርሟል። አንዲት አሮጊት ወድቃ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ የገጫት ሰው ወገኖች አንድም ቀን እንዴት አደርሽ ሳይሏት ሳምንታት አለፉ። ይህ ነውር ነው፤ አሜሪካም ቢሆን ነውር ነው። «እንግዲያስ ባዶ እጅ አይኬድም» አሉና ድፎ ዳቦ ጋገሩ። ለዳጊ አልነገሩትም። ያፍራል፣ ዕርቁ ካለቀ በኋላ ድንገት ሲሰማ ይደሰታል ብለው ተስማሙ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጋሽ መልከጼዴቅ ጓደኛቸውን ጋሽ ሀብተሥላሴን ጨምረው ሄዱ። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ቢሆንም ግርማ ሞገሳቸው ለሁለት ሰው ይበቃል። አድራሻውን በአገራችን ዘዴ አገኙት፤ ጠየቁ። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ያለች ካሸር «እግራቸውን የተሰበሩት ሴትዮ? ከኋላ ነው፣ ነጭ በር ያለው ቤት» አለቻቸው።

በሩን የከፈቱት ሚስስ ዊትኮም ራሳቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር፣ ባለጎማ መደገፊያቸውን ይዘው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው እጅ ነሡ። ጋሽ መልከጼዴቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጉ የሚያዘውን ተናገሩ። «ዳጊ ልኮን ነው። በድያለሁ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ ይላል» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዳጊ ማንንም አልላከም። ግን እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሽማግሌ ተበዳይ ደጅ ቆሞ «በራሴ ነው የመጣሁት» ይላል? እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ ከነዳቦው ነው የሚመለሰው። በዳይ የሚናገርበት አፍ የለውምና ሽማግሌ አፉን ያውሰዋል። ጋሽ መልከጼዴቅ በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የተካሰሰ ሸሪክ ያስታረቁት በዚህችው ቃል ነው፤ አንድም ሰው ዋሸህ ብሏቸው አያውቅም።

ሚስስ ዊትኮም ሰሟቸው። ዳቦውን አዩት፣ ገና ትኩስ ነው። ተቀበሉ። እግራቸው ጧት ጧት እንደሚብሳቸው ተናገሩ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ምንም ሳይሰሙ «እግዚአብሔር ይማርዎ» አሉ፣ በአማርኛ። ነገሩ እንዲህ ባማረበት ሰዓት የሚስስ ዊትኮም ልጅ ከጓዳ ወጣች። ማን ናችሁ፣ ማን ላካችሁ ብላ ጠየቀች፤ ነገሯት። ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳቻቸው፤ ከዚያ የመኪናቸውን ታርጋ አነሳች። ጋሽ መልከጼዴቅ ለማስታወሻ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ቆሙላት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሩሐማ ደወለች። ዐቃቤ ሕጉ ዳጊ ትእዛዝ ጥሷል፣ ተበዳይዋን የሚያባብሉ ሰዎች ቤቷ ድረስ ልኳል፣ ስለዚህ ክሱ እስኪያልቅ ታስሮ ይቆይ ብሎ አመልክቷል። ክሱ መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም። ወራት ሊሆን ይችላል። ሥራው ይሄዳል፣ ስሙ ይበላሻል፣ ዳጊ ደግሞ እንኳን እስር ቤት ሰው የበዛበት አሳንሰር ውስጥ መግባት የሚጨንቀው ልጅ ነው።

ዳጊ ክፉ ቃል አልተነፈሰም። ቢናገራቸው ይሻላቸው ነበር። ክፍሉን ጠረገ፣ አንሶላውን አጥቦ አጣጠፈ፣ ቁልፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ መልከጼዴቅ ቁልፉን አዩና ምሳቸውን ሳይበሉ ተነሱ። መጽሐፉን ሊከፍቱት ሞከሩ፤ ዓይናቸው አላነብ አለ።

ሩሐማ ቢሮዋ አስጠራቻቸው። «ጋሼ፣ አንተ ምን አልካት?»

በሌላ ቀን ቢሆን «አንተ» ማለቷን ያርሟት ነበር። «ዳጊ ልኮን ነው ብያታለሁ።»

«ልኮሃል?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን አልክ?»

«እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ልጄ።»

ግንባሯን በእጇ ያዘች። «ጋሼ፣ ኮርት ውስጥ ይሄ ልኮሃል ነው። ውሸት ነው ያወራሁት ማለት አለብህ። ማስረዳት ከጀመርክ ይሄ ሰውዬ ለልጁ ሲል አሁን ነው የሚዋሸው ይላሉ። ዝም ብለህ ዋሸሁ በል።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «መጽሐፉን ደግሞ እንዳታመጣው።»

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ብዙ ቆዩ። ዋሸሁ በል። ነገ ባልና ሚስት ሲጣሉ «ፍርድ ቤት ቆሞ ዋሽቻለሁ ያለው ሽማግሌ ይምጣ» የሚል ማን ነው? ነገሩ ሰው ጆሮ ሳይገባ አይቀርም፤ የኛ ሰው እንደሆነ ወሬ አያድርበትም። አፈሩ፣ ገና ሳይናገሩት አፈሩ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ሚስስ ዊትኮም ከልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ መልከጼዴቅ ማሉ። ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጨዋ ነው፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም።

«ተከሳሹ ልኮኛል ብለው ተናግረዋል?»

«ተናግሬያለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ አልላከኝም ነው የሚሉት?»

«አልላከኝም።»

«የትኛውን እንመን?»

ጋሽ መልከጼዴቅ ወደ ዳኛዋ ዞሩ። የሩሐማን ምክር ያስታውሳሉ፤ ግን አርባ ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ቀን አይታረም። «ክብርት ዳኛ፣ እናንተም ዘንድ የፍቅር ቀን የሚባል ነበር» ብለው ጀመሩ። «ላቭዴይ። የተጣሉ ጎረቤቶች…»

ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ላቭዴይ» አሉ፣ የድሮ ጎረቤታቸውን ስም የሰሙ ያህል። «ትምህርት ቤት እያለሁ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ጌታዬ። የተጠየቁትን ይመልሱ።»

ጋሽ መልከጼዴቅ አንገታቸውን ደፉ። ሲደፉ የዳጊን እግር አዩ። ሁልጊዜ የሚያደርገውን የሥራ ጫማውን አላደረገም፤ ክር የሌለው፣ እንዲሁ የሚጠለቅ ጫማ አድርጎ መጥቷል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። እስር ቤት የጫማ ክር እንደሚያስፈቱ እጁን የሰጠ ዕለት አይቷል። ልጁ ዛሬ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ቆርጦ ነው የመጣው፤ ደግሞ አንዲት ቃል አልተናገራቸውም።

«ዋሽቻለሁ» አሉ። ቃሉ እንደፈሩት ከባድ አልነበረም። «ያን ቀን በሯ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው። ልጁ አልላከኝም፤ መሄዴንም አያውቅም። ደብቄው ነው የሄድኩት፣ ቢሰማ እንደሚከለክለኝ አላሰብኩም፤ አሁን ሳስበው ይከለክለኝ ነበር። በአገሬ ሽማግሌ በበዳይ አፍ ነው የሚናገረው። እኔ ግን አፉን ሳይሰጠኝ ወሰድኩበት። መታሰር ያለበት ሰው ካለ እዚህ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ ሌላ አልጠየቀም። ዳኛዋ ሚስስ ዊትኮምን ተመለከቱና ሰዎቹ ክሱን እንዲተዉ ለምነዋቸው፣ ወይም አስፈራርተዋቸው እንደሆነ ጠየቁ። አሮጊቷ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ስለ ክስ ማንም አላነሳም» አሉ። «አንደኛው ስለ እግሬ ጠየቀኝ። ሌላኛው ባላወቅሁት ቋንቋ አንድ ነገር አለኝ፤ ክፉ ነገር አልመሰለኝም።» ልጃቸው ጎንተል አደረገቻቸው። እሳቸው ግን የሚሉትን ጨርሰው ነበር።

ዳኛዋ ጥቂት ጻፉ። ዳጊ ውጭ ሆኖ ይቆያል አሉ። ትእዛዙ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን ሽማግሌዎች በስማቸው ያካትታል፤ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሚስስ ዊትኮም አይሄዱም፣ አያናግሯቸውም፣ ምንም ነገር አይልኩላቸውም። «ዳቦም ቢሆን» አሉ። ከተጣሰ ዳጊ በዚያው ዕለት ይታሰራል። «አንድም ቃል፣ ጌታዬ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል፣ ክብርት ዳኛ።»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ አሳንሰር እየጠበቁ ቆሙ፤ ጋሽ መልከጼዴቅና ዳጊ ብቻ፤ ሩሐማ ሌላ ችሎት ነበራት። ጋሽ መልከጼዴቅ ይቅርታ ሊሉት ወደ ዳጊ ዞሩ። በዚህ መካከል የመደገፊያ ጎማ ድምፅ መጣ። ሚስስ ዊትኮምና ልጃቸው ናቸው። ዳጊ የጋሼን እጅጌ ስቦ ግድግዳው ጥግ አስጠጋቸው።

በሩ ተከፈተ፣ እናትና ልጅ ገቡ። ሚስስ ዊትኮም ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩና ጋሽ መልከጼዴቅን ተመለከቷቸው።

«ያ ዳቦ» አሉ። «ስሙ ማን ይባላል?»

አይ ጋሽ መልከጼዴቅ። ዕድሜ ልካቸውን ማንም ያልጠየቃቸውን ቃል ሲፈቱ የኖሩ ሰው፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ወዶ ፈቅዶ ጠየቃቸው። ስሙን ያውቁታል። በምን ቅጠል እንደሚጠቀለል፣ ለማን እንደሚጋገር፣ ለምን በባዶ እጅ እንደማይኬድ፣ ሁሉንም ያውቁታል። አፋቸው ሊከፈት ምንም አልቀረውም። ከጎናቸው ክር የሌለው ጫማ ቆሟል። ከንፈራቸውን ነከሱ። አንገታቸውን እንኳ አላነቃነቁም፤ ያም ንግግር ተብሎ እንዳይቆጠር ፈሩ። ወለል ወለሉን እያዩ ቆሙ።

ልጅየዋ የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫነች። በሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው።

«ድፎ» አሉ ለተዘጋው በር፣ በሹክሹክታ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል።

«ጋሼ» አለ ዳጊ። «ያሏቸው ነገር እኮ ሁሉም ውሸት አይደለም። እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። በየቀኑ ነው የምወድቀው። የቀረኝ እርስዎን መላክ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ ትእዛዙ ባይኖርም አፍር ነበር።»

ጋሽ መልከጼዴቅ ዓይናቸውን ከበሩ አንስተው አዩት።

«ክሱ ሲያልቅ አብረን እንሄዳለን» አለ ዳጊ። «ዳቦውን እኔ ነኝ የምይዘው። ስሙን እርስዎ ይነግሯቸዋል። አሁን በደረጃ እንውረድ፣ ታች እንዳንገናኝ።»

ደረጃው ገደላማ ነው፤ ጋሽ መልከጼዴቅም ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም። ዳጊ እጃቸውን ያዘ። ፎቅ በፎቅ ወረዱ፣ መኪናው ያለበትን ፓርኪንግ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ አልለቀቃቸውም።